መንግሥት ወይስ ካፒታል? የዓለምን ኢኮኖሚ ለማንበብ የትኛውን መነጽር ልምረጥ

በኦክቶበር 2012 «ሊበርታድ» የምትባለው የአርጀንቲና ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ ጋና ውስጥ በቴማ ወደብ ታገደች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያሳገዳት ጠላት አገር አልነበረም። አርጀንቲና በ2001 መክፈል ያቆመችውን ቦንድ በርካሽ ገዝቶ ሙሉ ዋጋውን ሲጠይቅ የኖረ፣ የአንድ የኒው ዮርክ ፈንድ ቅርንጫፍ የሆነ ኩባንያ ነው። የጋና ፍርድ ቤት ሄዶ አመለከተ፤ ሰንደቅ ዓላማ የምታውለበልብ የጦር መርከብ በወረቀት ታሰረች።

ሃምቡርግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት በዲሴምበር እንድትለቀቅ አዘዘና መርከቧ ወደ አገሯ ተመለሰች። ዕዳው ግን ባለበት ቆየ። አንድ የኒው ዮርክ ዳኛ «ለእነዚህ አበዳሪዎች ሳትከፍሉ ለሌሎቹ መክፈል አትችሉም» የሚል ትእዛዝ ሰጥተው ስለነበር፣ በ2014 አርጀንቲና ለሌሎቹ የምትከፍለው ገንዘብ እያላት መክፈል ያቃታት አገር ተባለች። በ2016 ተስማምታ ከፈለች።

ማን አሸነፈ? አንዱ «ካፒታል መንግሥትን አንበረከከ» ይላል። ሌላው «የለም፣ ያሸነፈው የአሜሪካ ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤትም መንግሥት ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «አርጀንቲና ራሷ ፈርማ የገባችበት ውል ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብሎ ያልፋል። ሦስቱም አልተሳሳቱም። የሚለያዩት በመነጽራቸው ነው፤ ይህ መመሪያም ስለ መነጽር ምርጫ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ፣ የኢኮኖሚ ዜና ለሚዘግብ ጋዜጠኛ፣ ወይም ስለ ቀረጥ ጦርነትና ስለ ማዕቀብ ሲሰማ ግራ ለሚገባው አንባቢ ይሆናል።

ለቸኮለ

አንድ አገር እንዴት ከድህነት ወጥታ ፋብሪካ እንደተከለች ማወቅ ከፈለጉ መንግሥትን የሚያስቀድመውን ዕይታ ይያዙ። ጠበኛ አገሮች ለምን መገበያየታቸውን እንደማያቆሙ ካስገረመዎት ገበያን የሚያስቀድመውን። ቀውስ ሲመጣ ኪሳራው ለምን ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ እንደሚወድቅ ከጠየቁ የመደብ ዕይታ ይሻላል። ማዕቀብ፣ ቺፕና ዶላር ከሆነ ጉዳዩ፣ ማነቆውን የሚፈልገው አራተኛው መነጽር ነው። እኔ በአራተኛው ጀምሬ በሦስተኛው እጨርሳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ከታች አለ።

መንግሥትን የሚያስቀድመው ዕይታ

በትምህርት ዓለም መርካንቲሊዝም ወይም ኢኮኖሚያዊ ብሔርተኝነት ይሉታል። መነሻው አጭር ነው፦ ገበያን የሚከፍተው፣ የሚጠብቀው፣ ሲፈልግም የሚዘጋው መንግሥት ነው፤ ንግድም የአገሮች ፉክክር አንድ ሜዳ ነው። የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሐሚልተን በ1791 ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ ጀማሪ ፋብሪካ ድጎማና የቀረጥ ከለላ እንደሚያስፈልገው ተከራክሯል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሊስትም በ1841 ይህንኑ ሐሳብ አስፍቶ ጻፈ። አሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ቀረጥ በሚከፈልባቸው የውጭ ዕቃዎች ላይ በአማካይ ከ40 እስከ 50 በመቶ ታስከፍል ነበር። በኋላ ስለ ነፃ ንግድ የሰበኩ ሀብታም አገሮች ይህን ገጽ ዘለው ነው ታሪካቸውን የሚያወሩት፤ በቅሎ አባትሽ ማን ነው ሲሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው።

የዚህ ዕይታ ምርጥ ምስክር ደቡብ ኮሪያ ናት። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከብረት ማዕድን ጀምሮ እስከ ተጠናቀቀ ብረት የሚያመርት ፋብሪካ ልትገነባ ስታስብ የዓለም ባንክ አያዋጣም አለ፤ አበዳሪዎቹም ተመለሱ። መንግሥት ከጃፓን በካሣ መልክ ያገኘውን ገንዘብ አዞረና ፋብሪካው በፖሃንግ በ1973 ማምረት ጀመረ። በኋላ ከዓለም ታላላቅ ብረት አምራቾች አንዱ ሆነ። የገበያ ዋጋ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ታሪክ አስቀድሞ ሊነግረን አይችልም ነበር።

ግን መንግሥትን የሚያስቀድመው ሰው አንድ ነገር ይከብደዋል፦ ጠንካራ የሚባል መንግሥት በራሱ አገር ገበያ ሲሸነፍ። በሴፕቴምበር 2022 የብሪታኒያ መንግሥት 45 ቢሊዮን ፓውንድ የሚያህል የግብር ቅነሳ፣ ከየት እንደሚሸፈን ሳይናገር አወጀ። በሦስት ቀን ውስጥ ፓውንድ ከዶላር አንጻር ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ፤ የመንግሥት ቦንድ ወለድ ተሰቀለ፤ ማዕከላዊ ባንኩ የጡረታ ፈንዶችን ለማዳን ጣልቃ ገባ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሊዝ ትረስ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ወረዱ። የኑክሌር ጦር ያለው፣ በጸጥታው ምክር ቤት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ያለው መንግሥት ነው እንግዲህ። ቦንድ ገዥዎቹ ግን ድምፅ እንኳ አልሰጡም፤ ሸጡ እንጂ።

ገበያን የሚያስቀድመው ዕይታ

ይህን ብዙ ማብራራት አያሻም፤ አብዛኛው ሰው ሳያውቀው የሚያስብበት ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 እንዳሳየው፣ አንዱ አገር በሁሉም ነገር ከሌላው ቢበልጥ እንኳ ሁለቱም ይበልጥ በሚሆንላቸው ላይ አተኩረው ቢለዋወጡ ሁለቱም ያተርፋሉ። ከዚህ ተነሥቶ ዕይታው፣ መተሳሰር ጠብን ያበርዳል፣ የጋራ ተቋምም ደንቡን ያስከብራል ይላል።

ብርታቱን ለማየት 2022ን ይመልከቱ። አሜሪካ የላቁ ቺፖች ለቻይና እንዳይሸጡ ሰፊ እገዳ ያወጣችበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት የሁለቱ አገሮች የዕቃ ንግድ ወደ 690 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ፖለቲከኞች ስለ መለያየት ሲያወሩ አስመጪዎች ዕቃ ይጭኑ ነበር።

ድክመቱም በዚያው ዓመት ነው የታየው። ጀርመን ከውጭ ከምታስገባው ጋዝ ከግማሽ በላዩ ከሩሲያ ይመጣ ነበር፤ ይህም ለብዙ ዓመት የሰላም ዋስትና ተደርጎ ተቆጥሯል። የዩክሬን ጦርነት ሲመጣ ቧንቧው መደራደሪያ ሆነ፣ በኦገስት ማብቂያም ተዘጋ። መተሳሰር ገመድ ነው፤ ማን ከየትኛው ጫፍ እንደሚስብ ግን ገበያን የሚያስቀድመው ዕይታ አይጠይቅም።

የካፒታልና የመደብ ዕይታ

ይህ ከማርክስ የሚነሣ ነው፤ በ1970ዎቹ ዓለምን በእምብርት፣ በግማሽ ዳርና በዳር የሚከፍለው የኢማኑኤል ዋለርስታይን አተያይም የዚሁ ቤተሰብ ነው። መንግሥትን ከካፒታል ነጥሎ አያይም፤ መንግሥት ለማን ይሠራል ብሎ ይጠይቃል።

በ1979 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በፖል ቮልከር መሪነት የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለድን ማናር ጀመረ፤ ዋናው የወለድ መጣኝ ወደ 20 በመቶ ተጠጋ። ውሳኔው ስለ አሜሪካ ነው። ነገር ግን የላቲን አሜሪካ መንግሥታት በ1970ዎቹ የተበደሩት ዶላር ወለዱ ከገበያው ጋር አብሮ የሚወጣ የሚወርድ ነበር። በኦገስት 1982 ሜክሲኮ መክፈል አልችልም አለች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ያንን ጊዜ እዚያ «የጠፋው አሥርት ዓመት» ይሉታል። ቮልከርን ያልመረጠ፣ ስሙንም ያልሰማ ሠራተኛ ነው ሒሳቡን የከፈለው።

ይህ ዕይታ የደሃ አገሮች ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አየርላንድን ይጠይቁ። በሴፕቴምበር 2008 መጨረሻ መንግሥቷ ለታላላቅ ባንኮቿ ዕዳ ከሞላ ጎደል በሙሉ ዋስ ሆነ። ባንኮቹ የግል ነበሩ፤ ትርፉም የግል ነበር። ለማዳን ወደ 64 ቢሊዮን ዩሮ ፈሰሰ፤ በ2010 መንግሥት ራሱ የአውሮፓ ኅብረትንና የዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ብድር ለማኝ ሆነ። የባንክ ዕዳ የሕዝብ ዕዳ የሚሆንበትን መንገድ እንደዚህ ዕይታ አጥርቶ የሚያሳይ የለም።

ሲበዛ ግን ይታወራል። ሁሉን ነገር «ካፒታል ስለፈለገ» የሚል ሰው፣ አሜሪካ የራሷን ቺፕ ኩባንያዎች ከትልቁ ገበያቸው ለምን እንዳገደች ማስረዳት ያቅተዋል። ኩባንያዎቹ አልፈለጉም፤ ተቃውመዋልም። ደቡብ ኮሪያም ከዳር ተነሥታ ወደ እምብርቱ መግባቷን ለማስረዳት ይንተባተባል። ካፒታል አንድ እጅ፣ አንድ አእምሮ የለውም፤ የባንኩ ጥቅም የፋብሪካው ጥቅም ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማነቆን የሚፈልገው ዕይታ

ብሪታኒያዊቷ የፖለቲካል ኢኮኖሚ ምሁር ሱዛን ስትሬንጅ «መንግሥት ወይስ ገበያ?» የሚለውን ጥያቄ ራሱን ጠምዝዘውታል። ኃይል ሁለት ዓይነት ነው አሉ። አንዱ ሌላውን አስገድዶ ማሠራት ነው። ሁለተኛው ግን ሌሎች የሚጫወቱበትን ሜዳ መሥራት ነው፤ ይህም በአራት መዋቅር ላይ ይቆማል፦ ደኅንነት፣ ምርት፣ ብድርና ዕውቀት። ሜዳውን የሠራ ሰው ማዘዝ አያስፈልገውም፤ ሌላው ራሱ ደንቡን እያየ ይራመዳል።

ለምን በዚህ እንደምጀምር አንድ ማሽን ያሳያል። በኔዘርላንድስ ፌልድሆፈን ከተማ ያለው ኤኤስኤምኤል በዓለም ላይ እጅግ የላቁ ቺፖች የሚታተሙበትን የጽንፈ አልትራቫዮሌት ማሽን የሚሠራ ብቸኛ ኩባንያ ነው። መስታወቶቹ ከጀርመኑ ዛይስ፣ የብርሃን ምንጩ በ2013 ከተገዛው የሳንዲያጎ ኩባንያ ይመጣሉ፤ የቴክኖሎጂው መሠረት የተጣለው በ1990ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ቤተ ሙከራዎች በተሳተፉበት ምርምር ነው። ኩባንያው ለቻይና ቢሸጥ ደስ ባለው ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ ግን አሜሪካ ግፊት ስታደርግ የኔዘርላንድስ መንግሥት የመላኪያ ፈቃዱን ይዞ ቀረ። እስኪ ይህን «መንግሥት» ወይም «ካፒታል» በሚል ሣጥን ውስጥ ያስገቡት። መንግሥት ማሽኑን መሥራት አይችልም። ኩባንያው ማሽኑ የት እንደሚሄድ መወሰን አይችልም። ኃይሉ ያለው ሁለቱ በሚገናኙበት ጠባብ በር ላይ ነው።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። ስዊፍት የባንኮች የመልእክት መለዋወጫ ነው፤ ማኅበሩ የባንኮች፣ መቀመጫው ቤልጂየም። ጦር የለውም። ግን በ2012 የኢራን ባንኮች፣ በ2022 የተወሰኑ የሩሲያ ባንኮች ከእሱ ሲቆረጡ ከዓለም ንግድ ዋናው በር ውጭ ቀሩ። ያኔ ከሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ መጠባበቂያ ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነው ተይዟል። ብዙ ሰው መጠባበቂያ ሲባል ምድር ቤት የተደረደረ ወርቅ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን በሌላ ሰው መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ መዝገቡን የያዘው ሲቆልፈው ባለቤቱ ቆሞ ያያል።

በአይኤምኤፍም ይህንኑ ያገኙታል። ታላላቅ ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ይጠይቃሉ፤ የአሜሪካ ድርሻ 16.5 በመቶ ገደማ ነው። መቀነሱን ራስዎ ይሥሩት። በቀውስ ጊዜ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ዶላር የሚያቀብልበት ቋሚ መስመር ያላቸው ደግሞ የአውሮፓ፣ የብሪታኒያ፣ የጃፓን፣ የካናዳና የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንኮች ናቸው። የቀረው ዓለም ጊዜያዊ መስመር ካልተከፈተለት የራሱን መጠባበቂያ ያከማቻል ወይም ወደ አይኤምኤፍ ይሄዳል።

ይህም ዕይታ ጉድለት አለው። ማነቆ ሲያንቁበት ይላላል፤ የታነቀው ሌላ መተንፈሻ ይቆፍራል፣ ወይም የራሱን ማነቆ ያወጣል። ቻይና በ2023 ጋሊየምና ጀርማኒየም፣ በ2025 ደግሞ ብርቅዬ የሚባሉት ማዕድናት ወደ ውጭ እንዳይወጡ ቁጥጥር ስታደርግ ያሳየችው ይህንኑ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ በሩን ማን እንደያዘ ይነግረናል እንጂ በሩ ሲዘጋ ውጭ ማን እንደሚያድር አይነግረንም። ለዚህ ነው በሦስተኛው የምጨርሰው።

አራቱን በአንድ ጉዳይ ላይ ብንፈትናቸው

ለማወዳደር ከኢንዶኔዥያ ኒኬል የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። ኒኬል ለማይዝግ ብረትና ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ይፈለጋል። ኢንዶኔዥያ በ2014 ጥሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች፤ በ2017 አላላችው፤ በጃንዋሪ 2020 መልሳ ዘጋችው። ማዕድኑን የሚፈልግ እዚሁ መጥቶ ያቅልጥ ማለት ነበር።

መጡም። በሱላዌሲ ደሴት ሞሮዋሊ ላይ የማቅለጫ ከተማ በቀለ፤ ዛሬ አገሪቱ ከዓለም የኒኬል ማዕድን ከግማሽ በላይ ታወጣለች። መንግሥትን የሚያስቀድመው ሰው እዚህ ላይ ያጨበጭባል፦ የሐሚልተን ትምህርት ሠራ።

ገበያን የሚያስቀድመው ሰው ደንቡን ያነሣል። የአውሮፓ ኅብረት ከሶ በኖቬምበር 2022 የዓለም ንግድ ድርጅት ዳኞች ኢንዶኔዥያ ጥፋተኛ ናት አሉ። ኢንዶኔዥያ ይግባኝ አለች። ይግባኝ ሰሚው አካል ግን አሜሪካ አዳዲስ አባላት እንዳይሾሙ ስላገደች ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ ሥራ አቁሟል። ይግባኙ የሚሰማው የሌለበት ቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ ፍርዱም አልጸናም። የተቋሙን ጉልበት የሰበረው ቀደም ሲል ተቋሙን በማቋቋም ግንባር ቀደም የነበረው ኃያል መንግሥት መሆኑን ልብ ይሏል። በሌላ በኩል ገበያው ራሱ ተናግሯል፦ ምርቱ በዝቶ ዋጋው ወረደ፤ በ2024 ታላቁ የማዕድን ኩባንያ ቢኤችፒ የምዕራብ አውስትራሊያ የኒኬል ሥራውን አቆመ።

ማነቆ ፈላጊው ግን ጭብጨባውን ይቆርጠዋል። ማዕድኑ የኢንዶኔዥያ ነው፤ የአብዛኞቹ ማቅለጫዎች ባለቤትነት፣ የማቅለጫው ዘዴና አብዛኛው የባትሪ ፋብሪካ ግን የቻይና ኩባንያዎች ነው። በምርት መዋቅር አንድ ደረጃ ወጥታ በዕውቀት መዋቅር ቀድሞ ከነበረችበት ብዙም አልራቀችም።

የመደብ ዕይታ ያለው ደግሞ ወደ ፋብሪካው ግቢ ይገባል። ለባለሀብቶቹ የግብር ዕፎይታ ተሰጥቷል፤ ማቅለጫዎቹ በአብዛኛው የሚሠሩት ለእነሱ ብቻ በተተከሉ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫዎች ነው፤ በዲሴምበር 2023 ሞሮዋሊ ላይ በደረሰ ፍንዳታ 21 ሠራተኞች ሞተዋል። «አገሪቱ ተጠቀመች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «አገሪቱ» ማን እንደሆነች የሚጠይቀው ይህ ዕይታ ብቻ ነው።

ከአራቱ አንዱን ብቻ ይዤ ጽሑፍ ብጽፍ ኖሮ፣ ወይ የስኬት ታሪክ ወይ የብዝበዛ ታሪክ ይወጣኝ ነበር። ሁለቱም በከፊል እውነት፣ ለብቻቸው ግን አሳሳች ናቸው።

ስትመርጡ

መነጽሩን በፖለቲካ ዝንባሌ መምረጥ የተለመደ ስሕተት ነው። «እኔ ግራ ዘመም ነኝ፣ ስለዚህ የመደብ ዕይታ» ብሎ የሚነሣ ተማሪ መልሱን ከጥያቄው በፊት ጽፎታል። በማስረጃ ብትመርጡ ይሻላል። መንግሥትን የሚያስቀድመው ዕይታ የቀረጥ ሠንጠረዥ፣ የድጎማ በጀትና የልማት ዕቅድ ይጠይቃል፤ ገበያን የሚያስቀድመው የንግድ መጠንና የዋጋ መረጃ፤ የመደብ ዕይታ የደመወዝ፣ የግብርና የዕዳ ክፍፍል። ማነቆ ፈላጊው የሚፈልገው ሰው የማያነበውን ነው፦ የመላኪያ ፈቃድ፣ የባለቤትነት ሰንሰለት፣ የውሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ «በየትኛው አገር ሕግ ይዳኛል» የሚለውን መስመር። እጃችሁ ላይ ያለው ማስረጃ የማይመግበውን ዕይታ ከመረጣችሁ ጽሑፉ ስብከት ይሆናል።

ሁለቱን ማዋሐድ ይቻላል፤ አራቱን በአንድ ጽሑፍ እኩል ማስተናገድ ግን አልመክርም። ኒኬሉ ላይ እኔ ያደረግሁት ለማሳየት እንጂ ለማስረዳት አይደለም፤ አራት ሰው አንድ መሪ ሲይዝ መኪናው የትም አይደርስም። አንዱ ይምራ፣ ሌላው የመጀመሪያው የዘለለውን ይጠይቅ።

ጊዜም ይለያል። በቀናት የሚለካ ነገር፣ እንደ ብሪታኒያው የፓውንድ ውድቀት፣ በካፒታል ፍጥነት ነው የሚነበበው፤ መንግሥት በዚያ ፍጥነት አይሮጥም። በአሥርት ዓመታት የሚለካው፣ እንደ ፖሃንግ፣ በመንግሥት ትዕግሥት። የቀናቱን ቀውስ ይዞ ስለ አሥርት ዓመታት የሚፈርድ፣ ወይም በተቃራኒው የሚያደርግ ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ።

ስለ ውሉ የመጨረሻ ገጽ ካነሣሁ አይቀር አርጀንቲናን ልጨርስ። ከ2014 ወዲህ በአዳዲስ የመንግሥት ቦንዶች ውስጥ የተጠናከረ አንቀጽ መግባት ጀመረ፦ አብዛኛው አበዳሪ በአዲስ የአከፋፈል ስምምነት ከተስማማ ቀሪው ይገደዳል። በ2020 አርጀንቲና 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆነውን ዕዳዋን እንደገና ስትደራደር በእነዚህ አንቀጾች ተጠቅማ 99 በመቶውን አካተተች፤ መርከብ የሚያሳግድ ብዙም አልቀረም። አዲሶቹ ቦንዶችም የሚዳኙት በኒው ዮርክ ሕግ ነው።